«ጀንጁኦ» ማለት ማሰብ ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ የቻይንኛ ቋንቋ ትምህርቴን በከፍተኛ ደረጃ በመከታተል ላይ እገኛለሁ። በቅርቡ ለመምህሬ ባስረከብሁት ድርሰት ውስጥ ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን «ጽቹ ጹኦጽ ሻንግ ከ ጀንጁኦ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎ አገኘሁ። መዝገበ ቃላቴ «ጀንጁኦ»ን «አሰበ፣ አሰላሰለ» ብሎ ስለሚፈታው፣ አገላለጼ የሚያመራምር ነው ተብሎ የተደነቀ መስሎኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳልነካው ተውሁት። ቃሉንም ስለወደድሁት በሚቀጥለው ድርሰቴ «ምሳ ምን እንደምበላ እያሰብሁ ነው» ለማለት ተጠቀምሁበት፤ መምህሬ ግን ሰርዘው «ካኦልዩ» በሚለው ቃል ተኩት። የ«ጀንጁኦ» ትክክለኛ ፍቺ ምንድን ነው? ከ«ካኦልዩ»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦ የሚያስቸኩለውን ለማስቀደም ያህል፣ የመምህርዎ ማስታወሻ አድናቆት ሳይሆን እርማት ነበር። «ጽቹ» «በዚህ ቦታ»፣ «ጹኦጽ» «የቃላት አመራረጥ» ማለት ሲሆን፣ «ሻንግ ከ» ደግሞ አንድ ነገር ገና ሊደረግ እንደሚችል ያመለክታል። ስለዚህ ሐረጉ በጠቅላላው «እዚህ ላይ የቃላቱ አመራረጥ ገና ሊጤን ይችላል» ይላል። መምህር ለተማሪ፣ አርታኢ ለደራሲ፣ ባልደረባም ለባልደረባ በቻይንኛ በሚጽፈው አስተያየት ውስጥ አንድ ነገር «ገና ሊጤን ይችላል» ከተባለ፣ ያ ነገር እንዳለ መቅረት የለበትም ማለት ነው። ጉድለቱ በግልጽ ያልተነገረው የጸሐፊው ክብር እንዲጠበቅ ተብሎ ነው እንጂ መምህሩ ስለ ጉድለቱ ተጠራጥረው አይደለም። ወደዚያ ዓረፍተ ነገር ተመልሰው ቢያስተካክሉት መልካም ነው።

መዝገበ ቃላትዎ የሰጠው ፍቺ ስሕተት ነው አይባልም፤ ነገር ግን እጅግ ሰፊ በመሆኑ የቃሉን መልክ አያሳይም። «ጀንጁኦ» የሚጻፈው በሁለት ፊደላት ነው። የመጀመሪያው፣ «ጀን»፣ በአንደኛው ቃና፣ ማለትም ከፍ ብሎ ሳይዋዥቅ በሚዘልቅ ድምፅ ይነበባል፤ በግራው ድምፁን የሚጠቁም አካል፣ በቀኙ ደግሞ «ዶው» የተባለው የጭልፋና የመስፈሪያ ምልክት አለው። ሁለተኛው፣ «ጁኦ»፣ ወደ ላይ በሚወጣው በሁለተኛው ቃና ይነበባል፤ በግራው የመጠጥ ጋን፣ በቀኙም መጥለቂያ ጭልፋ ይዟል። ሹ ሸን የተባለው የሃን ዘመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ ያጠናቀረው «ሹኦወን ጅየዝ» የተሰኘው ጥንታዊ የፊደላት መዝገብ «ጁኦ»ን «መጠጥ ቀድቶ ጽዋ ማዞር» በማለት ይፈታዋል። ሁለቱም ፊደላት እንግዲህ በመነሻቸው የሚናገሩት ስለ አሳላፊ ሥራ ነው።

ይህ ጥንታዊ ፍቺ ሞቶ አልተቀበረም፤ ዛሬም «ጀን ቻ» ሻይ መቅዳት፣ «ጀን ጅዮው» መጠጥ መቅዳት፣ «ሽያኦ ጁኦ» ደግሞ ከወዳጅ ጋር ተቀምጦ ጥቂት መጎንጨት ነው። የታንግ ዘመን ባለቅኔ ሊ ባይ፣ ከ701 እስከ 762 የኖረው፣ በአበቦች መካከል አንዲት ማሰሮ መጠጥ ይዞ ያለ ባልንጀራ ብቻውን ስለመጠጣቱ በጻፈው ዝነኛ ግጥሙ ርእስ ውስጥ የሚገኘው «ዱጁኦ» የሚለው ቃል፣ «ብቻን ቀድቶ መጠጣት»፣ የተሠራው በዚሁ ፊደል ነው።

ከመቅዳት ወደ ማጤን የተደረሰው በመጠን በኩል ነው። በቻይናውያን ዘንድ በሰፊው የሚነገር አንድ ማብራሪያ፣ ጽዋውን ሳይሞሉ መቅዳት «ጀን»፣ ከልክ አሳልፎ መቅዳት ደግሞ «ጁኦ» ነው ይላል፤ ሁለቱ ሲጣመሩም ያልጎደለውንና ያልተረፈውን ልክ መፈለግን ያሳያሉ። ሥርወ ቃሉን በዚህ ዓይነት ከፋፍሎ መተንተን ከሊቃውንት ትንታኔ ይልቅ ወደ መምህራን ብልሃት ሳያደላ አይቀርም ብንልም፣ የቃሉን ጠባይ ግን በሚገባ ያስይዛል። «ጀንጁኦ» የሚያደርግ ሰው የሚጠይቀው «ይሁን ወይስ አይሁን?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ምን ያህል? በየትኛው ልክ? የትኛው ይጨመር፣ የትኛው ይቀነስ?» ብሎ ነው። የቃሉ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ይህንን ጠባይ ከሚያሳዩት ጥንታዊ ምስክሮች መካከል «ጉኦዩ» የተሰኘው፣ የየመንግሥታቱን ንግግሮች የያዘው መጽሐፍ የሚተርከው የጆው ንጉሥ ሊ ታሪክ ይገኝበታል። ንጉሡ ጨካኝ ስለነበረ ሕዝቡ ያማው ጀመር፤ እርሱም ጠንቋይ ቀጥሮ ሐሜተኞቹን እያስለየ ያስገድል ገባ። ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ በዓይን ከመጠቃቀስ በቀር አንዲት ቃል መተንፈስ ፈሩ። ንጉሡ ሐሜቱን ማጥፋቱን በኩራት ሲናገር የሰማው የሻኦ መስፍን፣ የሕዝብን አፍ መድፈን ወንዝን ከመድፈን የከፋ መሆኑን አስረድቶ፣ መልካም ንጉሥ ምን እንደሚያደርግ ዘረዘረለት፦ ሹማምንት ግጥም ያቀርባሉ፤ ዓይነ ስውራን ዘማሪዎች ዜማ ያሰማሉ፤ ጸሐፍት መዛግብትን ያመጣሉ፤ ሽማግሎች ይመክራሉ፤ «ከዚያም በኋላ ንጉሡ ጀንጁኦ ያደርግባቸዋል፤ ስለዚህም ሥራው ሳይጣረስ ይሄዳል።» ንጉሡ አልሰማም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ841 ሕዝቡ ተነሥቶ አባረረው።

በዚህ ንግግር ውስጥ ቃሉ የቆመበትን ስፍራ ልብ ይሏል። ንጉሡ ሐሳብ ከራሱ አያመነጭም፤ ሐሳቡን ሌሎች አምጥተው በፊቱ አኑረውለታል። የእርሱ ድርሻ ከየአንዳንዱ የሚበቃውን መቅዳት ነው። «ጀንጁኦ» ሁልጊዜ ቀድሞ የቀረበ ነገርን ይፈልጋል፤ ረቂቅ፣ ዕቅድ፣ የተለያዩ አስተያየቶች፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት በጠረጴዛው ላይ መኖር አለባቸው። የሹ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጁጌ ልያንግ በ227 ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት ለወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ባቀረበው፣ እስከ ዛሬም የቻይና ተማሪዎች በቃላቸው በሚያጠኑት ጽሑፍ ውስጥ፣ ቃሉ «ሱን ዪ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ይገኛል። «ሱን» መቀነስ፣ «ዪ» መጨመር ነው፤ ጁጌ ልያንግ የሚለው፣ በቤተ መንግሥቱ ጉዳዮች ላይ ምን እንደሚቀነስና ምን እንደሚጨመር እያጤኑ እውነተኛውን ምክር ሁሉ ማቅረብ በስም የጠቀሳቸው ሦስት ሹማምንት ኃላፊነት መሆኑን ነው። «ጀንጁኦ ሱን ዪ» ዛሬ በተራ ንግግር የማይሰማ ቢሆንም፣ ቃሉ የመጨመርና የመቀነስ ሥራ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ጥምረት አናውቅም።

አሁን ወደ ምሳዎ እንመለስ። «ካኦልዩ» ለማንኛውም ዓይነት ማሰብ የሚያገለግል የዕለት ተዕለት ቃል ነው፤ ሥራ ለመልቀቅ፣ ለማግባት፣ ምሳ ለመብላትም ሆነ ላለመብላት «ካኦልዩ» ይባላል። «ጀንጁኦ» ግን የጽሑፍና የጨዋ ንግግር ሽታ ያለው፣ ከባድ ቃል ነው። ቀድሞ በነበረው ባለ ስድስት ደረጃ የቻይንኛ ቋንቋ ፈተና የቃላት ዝርዝር ውስጥ የመጨረሻው፣ የስድስተኛው ደረጃ ቃል ሆኖ መመደቡም ይህንኑ ያሳያል። በምሳ ላይ ሲውል ተናጋሪውን በባዶ ሆድ ችሎት ያስቻለ ያስመስለዋል፤ መምህርዎ የሰረዙት ሰዋስዉ ስለተበላሸ ሳይሆን ክብደቱ ከጉዳዩ ጋር ስላልተመጣጠነ ነው። ሆን ብሎ ለማሳቅ ካልሆነ በቀር እንዲህ ባለ ስፍራ አይገባም።

በሰዋስው ረገድ ተሳቢ የሚቀበል ግስ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚወዳቸው ተሳቢዎች ከቋንቋ ጋር የተያያዙ ናቸው፦ «ጀንጁኦ ጽጅዩ» ቃላትንና ሐረጋትን እየመረጡ ማስተካከል ነው፤ «ጀንጁኦ ዮንግጽ» የቃል አጠቃቀምን ማጤን ነው። «ፋንግአን» ከሚባለው የዕቅድ ወይም የሐሳብ ረቂቅ ጋርም በደንብ ይሄዳል። ከፊቱ «ፋንፉ»፣ ማለትም «ደጋግሞ»፣ ወይም «ዛይሳን»፣ ቃል በቃል «ሁለቴም ሦስቴም»፣ ሲገባ የሚያምርበት ቃል ነው፤ «ጂንግጉኦ ዛይሳን ጀንጁኦ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር፣ «ደጋግሞ ካጤነ በኋላ» እንደ ማለት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ በችኮላ ያልተወሰነ መሆኑን አስቀድሞ ይመሰክራል። ማለዘብ ሲያስፈልግ «ጀንጁኦ ዪሽያ»፣ «ትንሽ ማጤን»፣ ይባላል፤ እንደ ሌሎች ባለ ሁለት ፊደል ግሶችም «ጀንጁኦ ጀንጁኦ» ተብሎ ሊደገም ይችላል። ሰውን ግን ተሳቢው አያደርግም፤ አንድን ሰው «ጀንጁኦ» ማድረግ አይቻልም፤ የሰውየውን ጥያቄ ወይም የሰውየውን ቃል እንጂ።

ሁለቱ ፊደላት የሚነጣጠሉበት አንድ ውብ ፈሊጥም አለ፦ «ዝ ጀን ጅዩ ጁኦ»። «ዝ» ፊደል፣ «ጅዩ» ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፈሊጡ እያንዳንዱን ፊደልና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየመጠኑ መጻፍን ወይም መናገርን ይገልጻል። ብዙ ጊዜ ለምስጋና ይውላል፤ ነገር ግን ፍርሃት የያዘው ባለሥልጣን ለጋዜጠኞች ሲመልስ ቃላቱን እየቆጠበ የሚናገርበትን ሁኔታ ለመግለጽም ይመቻል።

በመጨረሻ ስለ ትሕትና አንድ ነገር እንጨምር። በደብዳቤ መዝጊያ ላይ «ቺንግ ኒን ጀንጁኦ» የሚል ከተጻፈልዎ፣ «ኒን» አክብሮታዊው «እርስዎ» ነውና፣ ጸሐፊው ሐሳቡን አቅርቦ ውሳኔውን ለእርስዎ እየተወ ነው። በተቃራኒው አለቃ ለበታቹ «ኒ ጀንጁኦ ጀ ባን» ሲል፣ «እንዳስፈላጊነቱ አይተህ ፈጽመው» ማለቱ ነው፤ ነፃነት የሰጠ ይመስላል፤ ነገሩ ቢበላሽ ግን ልኩን ያልመጠነው ፈጻሚው ሆኖ ይገኛል። ቻይንኛ ተናጋሪዎች ይህንን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ትንሽ የሚጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቻይንኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «ጀንጁኦ»፣ «ቱይቺያኦ»፣ «ዙኦሞ» እና «ችዌንኸንግ» የሚሉትን ቃላት እስካሁን ሁሉንም «ማመዛዘን» እያልሁ ተርጉሜአለሁ። ልዩነት አላቸውን?

መልስ፦ አላቸው፤ አራቱም ከእጅ ሥራ የተነሡ፣ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙያ ይዘው የቀሩ ቃላት ናቸው። ለ«ማመዛዘን» በእርግጥ የሚስማማው «ችዌንኸንግ» ብቻ ነው። «ችዌን» የሚዛን ድንጋይ፣ «ኸንግ» ደግሞ የሚዛን ዘንግ ስለሆነ፣ የአማርኛው ቃልና የቻይንኛው ቃል ከአንድ ዕቃ የተወለዱ ናቸው። «ችዌንኸንግ ሊቢ» ማለትም ጥቅሙንና ጉዳቱን ማመዛዘን ነው፤ ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ ያጋድላል። በ«ጀንጁኦ» ውስጥ ግን ሁለት ወገን መኖሩ ግድ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ሊሆንና ልኩ ብቻ ሊፈለግ ይችላል። ለዚህ «ማጤን» ወይም እንደ አገባቡ «መመጠን» ይሻላል እንላለን።

«ቱይቺያኦ» ታሪክ ያለው ቃል ነው። «ቱይ» መግፋት፣ «ቺያኦ» ማንኳኳት ነው፤ የሁለቱ ጥምረት ለምን የማሰብ ቃል እንደሆነ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ሊደርስበት አይችልም። ከ779 እስከ 843 የኖረው ባለቅኔ ጅያ ዳኦ አንድ ባሕታዊ ወዳጁን ሊጠይቅ ሄዶ በጻፈው ግጥም ውስጥ፣ ወፎች በኩሬው ዳር ዛፍ ላይ ማደራቸውንና መነኩሴ በጨረቃ ብርሃን በር ላይ መድረሱን ይናገራል። መነኩሴው በሩን ይገፋል ይባል ወይስ ያንኳኳል? ጅያ ዳኦ በአህያ ተቀምጦ በዋና ከተማይቱ ጎዳና ሲሄድ፣ በእጁ አንድ ጊዜ እየገፋ አንድ ጊዜ እያንኳኳ በሐሳብ ተውጦ፣ ሳያውቀው ከአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን አጀብ መካከል ይገባል። ባለሥልጣኑ ራሱ የታወቀው ጸሐፊ ሃን ዩ ነበር፤ ተይዞ የቀረበው ባለቅኔ ምክንያቱን ሲነግረው፣ መቅጣቱን ትቶ ለረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ «ማንኳኳቱ ይሻላል» አለው፤ ወዳጆችም ሆኑ።

ታሪኩን የሚጠራጠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ሃን ዩ የዋና ከተማይቱ አስተዳዳሪ የሆነው በ823 ሲሆን፣ ሁለቱ የሚተዋወቁት ከዚያ ዓመታት አስቀድሞ ነበርና። ቃሉ ግን ታሪኩ ተፈጸመም አልተፈጸመም ከቋንቋው ገብቷል። ፍርዱም ቢሆን ያለ ተቃውሞ አልቀረም። የሃያኛው መቶ ዘመን የሥነ ውበት ሊቅ ጁ ጓንግችየን «መግፋት» ሳይሻል እንደማይቀር ተከራክሯል፤ የሚገፋ መነኩሴ በሩን ራሱ ዘግቶ ወጥቶ ራሱ የሚከፍት ብቸኛ ሰው ነው፤ የሚያንኳኳ ግን በውስጥ የሚከፍትለት ሰው አለው፤ ብቸኝነቱም ያን ያህል ይቀንሳል። በበኩላችን ከድምፁ የተነሣ ማንኳኳቱን እንመርጣለን፤ በጸጥታ በተሞላ ግጥም ውስጥ የሚሰማው እርሱ ብቻ ነውና፤ የጁ ጓንግችየን ክርክር ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም።

በአጠቃቀም በኩል፣ «ቱይቺያኦ» እንደ «ጀንጁኦ» ለቃላት ምርጫ ያገለግላል፤ በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ይተካካሉ። የሚለያዩት «ቱይቺያኦ» ወደ ምርመራ ሲያዘነብል ነው። «ጂንግ ቡ ቺ ቱይቺያኦ» ማለት «ቢመረምሩት የማይቆም» ማለት ነው፤ ስለ ደካማ ማስረጃ፣ ስለ ተጣረሰ የምስክርነት ቃል፣ ሲያዩት ስለሚያምር ነገር ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክርክር ይነገራል። እዚህ ላይ «ጀንጁኦ»ን መተካት ፈጽሞ አይቻልም። ምክንያቱም «ጀንጁኦ» ከውሳኔው በፊት፣ ገና መጨመርና መቀነስ በሚቻልበት ሰዓት የሚደረግ ሲሆን፣ «ቱይቺያኦ» ተፈጽሞ የቆመውንም ነገር ገፍቶና አንኳኩቶ ሊፈትን ይችላል።

«ዙኦሞ» ከድንጋይ ቀራጮች የመጣ ነው። በጥንታዊው የመዝሙራት መጽሐፍ፣ «ሽ ጂንግ» በሚባለው፣ አንድ የተከበረ ሰው «እንደ ተቆረጠና እንደ ተሞረደ፣ እንደ ተቀረጸና እንደ ተወለወለ» ተብሎ ተወድሷል፤ ኮንፊሽየስና ደቀ መዝሙሩ ዝጎንግ ሲነጋገሩም ይኸው መስመር ይጠቀሳል። መቅረጹ «ጁኦ»፣ መወልወሉ «ሞ» ነው፤ ጄድ የተባለውን የከበረ ድንጋይ ለማበጀት የሚሠራውን ሥራ ያሳያሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህ «ጁኦ» ከ«ጀንጁኦ» ፊደል ጋር በድምፅ ቢገናኝም ሌላ ፊደል ነው። በተጨማሪም ሥራውን ወይም ጽሑፍን ማሳመርን ሲያመለክት «ጁኦሞ» ተብሎ የሚነበበው ቃል፣ ማሰብን ሲያመለክት «ዙኦሞ» ይሆናል፤ ሁለተኛው ፊደልም ቃናውን አጥቶ ይለዝባል። የትርጉም ልዩነቱ ቀላል ነው፦ «ዙኦሞ» የአነጋገር ቃል ሆኖ፣ ያልገባንን ነገር እያገላበጥን ለመረዳት መሞከርን ይገልጻል። አንድን ሰው «ዙኦሞ ቡ ቶው» ካሉት፣ ውስጡ የማይደረስበት ሰው ነው ማለት ነው። በአማርኛ «ማውጠንጠን» ወይም «ማብሰልሰል» ይቀርበዋል። «ጀንጁኦ» የሚያደርግ ሰው ነገሩ ገብቶታል፤ «ዙኦሞ» የሚያደርግ ሰው ገና አልገባውም።

ጥያቄ፦ «ጁኦ» የሚለው ፊደል ብቻውን በመንግሥትና በሕግ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ ያጋጥመኛል። መጠጥ እንዴት ከሕግ ገባ? ጃፓንኛና ኮርያኛ የሚያውቅ ወዳጄም ቃሉ በእነዚያ ቋንቋዎች እንደሚገኝ ነግሮኛል፤ ፍቺው ያው ነውን?

መልስ፦ ከሕግ የገባው በመጠን በር ነው። ሕግ ጠቅላላ ልኩን ይደነግጋል፤ ከዚያ ውስጥ ለአንዱ ጉዳይ የሚገባውን መቅዳት ለፈራጁ ወይም ለሠራተኛው ይተዋል። ይህ ሥልጣን በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ «ጁኦ» ይገኛል። «ጁኦቺንግ» «እንደ ሁኔታው» ማለት ነው፤ «ጁኦቺንግ ቹሊ» ተብሎ የተጻፈበት የመሥሪያ ቤት ደንብ ጉዳዩ እንደየሁኔታው እንደሚታይ ይናገራል። በቻይና የወንጀል ሕግ ትምህርት ቅጣትን የሚያከብዱና የሚያቀልሉ ሁኔታዎች በሁለት ይከፈላሉ፦ በሕጉ በግልጽ የተደነገጉት «ፋዲንግ»፣ ዳኛው በራሱ ግምት የሚያያቸው ደግሞ «ጁኦዲንግ» ይባላሉ። በታይዋን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ደግሞ ሙሉው «ጀንጁኦ» ይገኛል፤ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድ የክርክሩን አጠቃላይ ይዘትና የማስረጃ ምርመራውን ውጤት «ጀንጁኦ» ማድረግ እንዳለበት ያዛል። ይህንን «ያስባል» ብሎ የሚተረጉም ሰው የዳኛውን ግዴታ ያሳንሰዋል፤ «ከግምት ያስገባል» የሚለው የሕግ አማርኛችን ይበልጥ ይስማማል።

በመድኃኒት ማሸጊያ ላይም ያገኙታል። በቻይና ባህላዊ መድኃኒቶች መመሪያ ወረቀት ላይ የአዋቂው መጠን ከተገለጸ በኋላ «ሽያኦ አር ጁኦ ጅየን»፣ «ለሕፃናት እንደ ሁኔታው ይቀነሳል»፣ የሚል አራት ፊደል ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ምን ያህል እንደሚቀነስ ግን አይናገርም፤ ለወላጅ የሚሰጠው ነፃነት አደገኛ ነው ተብሎ በቻይና ራሷ የሚተቸውም ለዚህ ነው። ተርጓሚ በዚህ ሐረግ ውስጥ ቁጥር ጨምሮ ሊያብራራ አይገባውም፤ መጠኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይወስነው።

ስለ ጎረቤት ቋንቋዎቹ ወዳጅዎ እውነት ተናግሯል፤ ነገር ግን ፍቺው ያው አይደለም። ጃፓንኛው «ሺንሻኩ» ከቻይንኛው ብዙም አልራቀም፤ በተለይ የሌላውን ሰው ችግር አይቶ ፍርድን ማለዘብን ያመለክታል፤ ጥፋተኛው የነበረበትን ሁኔታ «ሺንሻኩ» ማድረግ ማለት ያንን ሁኔታ አይቶ ቅጣቱን ማቅለል ነው። ኮርያኛው «ጂምጃክ» ግን ከዚሁ የቻይንኛ ቃል የተገኘ ቢሆንም ዛሬ «መገመት» ማለት ሆኗል። አንድ ኮርያዊ «ጂምጃክ» አደረግሁ ቢል፣ በደንብ ሳያውቅ በግምት ደረሰበት ማለት ነው። ጋኑን ሳይከፍቱ በውስጡ ያለውን መጠን መገመት ሳይሆን አይቀርም ድልድዩ፤ ይህ ግን የእኛ ግምት ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚማር ሰው፣ የቻይንኛውን «ጂንግጉኦ ዛይሳን ጀንጁኦ» ወደ ኮርያኛ ሲመልስ በ«ጂምጃክ» እንዳይተረጉመው እንመክራለን፤ «ደጋግሞ አጢኖ ወሰነ» የተባለው ሰው «ደጋግሞ ገምቶ ወሰነ» ሆኖ ይቀርበታል።